የሚበላ አጥር

ዴቪድ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚመዝን ሰው ነው። ሚዛኑ አጠገብ ከቆመ የቢሮ ኃላፊ አያውቅም፣ ፓስተር አያውቅም፣ ዘመድ አያውቅም። «ከልኩ በላይ ነው» ካለ ከልኩ በላይ ነው። የተከራከረውን ተሳፋሪ ሻንጣውን ያስከፍተውና የማር ጀሪካኑን በአንድ እጁ፣ የደረቀውን አሳ በሌላው አንስቶ «ከሁለቱ የቱን አትወድም?» ይለዋል። ቶሎ ግንፍል ይላል፤ ቶሎ ግን አይበርድም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በገዛ ግቢው ውስጥ እራቱን እንደ ሌባ ተደብቆ መብላት የጀመረው።

ምክንያቱ አማቱ ናቸው። ማማ ኛፑዎት ከድንበር ማዶ፣ ከደቡብ ሱዳን ናስር መጥተው ልጃቸው ኮአንግ ቤት አረፉ። ኮአንግ የዴቪድ ሚስት የአንጀሊና ወንድም ነው፤ ቤቱም ከዴቪድ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። አጥሩ ደግሞ አሮጌ የዶሮ ሽቦ ነው፤ ዶሮ ያግዳል፣ ዓይን አያግድም።

በኑዌር ወግ አማች አማቱ እያዩት አይበላም። አፉን ሲከፍት፣ ሲያላምጥ፣ ሲውጥ በእሳቸው መታየት ነውር ነው። ይህን ወግ «ኋላቀር» የሚል የተማርኩ ባይ መቼም አይጠፋም። እሱ አማቱን ፊት ለፊት ያስቀምጥና የአሳ ጭንቅላት ይምጠጥ፤ ከዚያ ክብሩን ከየት ፈልጎ እንደሚያመጣው እናያለን። ሰው ከሚያከብረው ሰው ፊት አንድ ነገር ይሰውራል። አንዱ ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል፣ አንዷ ፀጉሯን ትሸፍናለች፣ ኑዌር ደግሞ አፉን ይሰውራል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም።

ክርክር ያለው ከሙቀቱ ጋር ነው። የዴቪድ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳውም ከወገቡ በላይ ቆርቆሮ ነው። የሠራው ሰው ደገኛ መሆን አለበት፤ ወይም ተከራይ የሚጠላ። ጋምቤላ ውስጥ በመጋቢት ወር ቤት ገብቶ እራት የሚበላ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ አማት አለበት። ሌላው ሁሉ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከባሮ በኩል የምትመጣዋን ነፋስ እየጠበቀ ነው የሚበላው። ዴቪድ ግን በሩን ዘግቶ፣ ላቡ ከግንባሩ ሳህኑ ላይ እየተንጠባጠበ ይውጣል። ከቤቱ ጀርባ መጸዳጃ ቤት ነው፤ ከፊቱ ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ። የቀረችው በአጥሩ በኩል ያለችው ክፍት ቦታ ብቻ ናት። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የኮአንግ ኒም ዛፍ አለ፤ ከኒሙ ጥላ ሥር የማማ ኛፑዎት ወንበር አለ፤ ወንበሩም ፊቱን ወደ ዴቪድ ግቢ አዙሯል።

«ወንበሩን ያዙሩት በያቸው» አላት ዴቪድ አንጀሊናን።

«እናቴን? ‹ባሌ ፊትሽን ማየት አልፈለገም› ልበላት?»

«እንደሱ አልወጣኝም!»

«እሷ ግን እንደሱ ነው የምትሰማው።»

ዴቪድ በሽቦው ላይ የሰሌን ምንጣፍ አሰረ፤ ምስጥ በላው። የአልጋ ልብስ ሰቀለ። በሰቀለው በመጀመሪያው ማታ ነፋስ መጣና የአልጋ ልብሱን አንስቶ ወሰደው፤ ዴቪድም የአሳ ጭንቅላት በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት ተያየ። ማማ ኛፑዎት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ኒሙ ግንድ ዞሩ። ዴቪድ የአሳውን ጭንቅላት መዋጥም መትፋትም አቅቶት እንደያዘው ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያ አጥር በኩል ላለማለፍ በጎረቤት ግቢ ይዞር ነበር።

መድኃኒቱ የተገኘው ከቁም ሳጥን ላይ ነው። አንጀሊና ናይሮቢ ያደገች ናትና፣ እዚያ የለመደችው አንድ አትክልት አምሮአት፣ የዴቪድ ባልደረባ አዲስ አበባ ከሱፐርማርኬት ሁለት ፍሬ ገዝቶ አምጥቶላት ነበር። ቻዮቴ ይባላል። አረንጓዴ ነው፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ አፉ የተሰበሰበ። ልትሠራው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችውና ረሳችው። ዴቪድ አንድ ቀን ቻርጀር ሲፈልግ አየው፤ ሁለቱም ፍሬዎች ከአፋቸው አረንጓዴ ምላስ አውጥተዋል።

«ይሄ ነገር ምላሱን አወጣብኝ!»

«አቆጥቁጧል ማለት ነው። ከዚያማ ሐረግ ነው የሚሆነው» አለች አንጀሊና። «ናይሮቢ አክስቴ ቤት አንዱ አድጎ አጥሩን አልብሶት ነበር። በየዓመቱ እንደገና ይበቅላል፤ ዳግመኛ መትከል አያስፈልግም።»

ዴቪድ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ሰማ፤ አልብሶት።

ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ፈለገ። ቪዲዮው ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ከሱቅ የገዙትን ፍሬ እንዴት እንደሚተክሉት ያስረዳል። «ከመስኮት አጠገብ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት» ይላል።

«ሞቅ ያለ ቦታ!» ብሎ ዴቪድ ስልኩ ላይ ጮኸ። «ና እዚህ! ናና ሞቅ ያለ ቦታ ላሳይህ!»

ሰውዬው ቀጠለ። በረዶ ከመጣሉ በፊት ሥሩን በገለባ መሸፈን እንደማይረሳ አሳሰበ። ዴቪድ ስልኩን አጠፋው።

ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ከፈለ በሌላው አጥር በኩል ብቅ አሉ። ጋሽ ከፈለ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አቦቦ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸው አሁንም አቦቦ ነው፣ ቤት ግን ከተማም አላቸው። የማያውቁት ነገር ሲያጋጥማቸው አላውቅም ማለት አልፈጠረባቸውም።

«እስቲ ስጠኝ። ይሄ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ምንድነው?»

«ቻዮቴ ነው። ልተክለው ነው።»

«እንደ ድንች ነው። ዓይን ዓይኑን ይዘህ ትቆርጠዋለህ። ከአንዱ አራት ታወጣለህ።»

«ሰውዬው ግን ሙሉውን ነው የሚቀብረው ጋሽ ከፈለ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስልኩ ውስጥ ያለው።»

«ስልክህ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሞፈር ጨብጦ ያውቃል?»

ዴቪድ ያን ሹራብ ለባሽ አስታወሰና አፈረ። አንዱን ፍሬ በቢላ አራት ቦታ ቆርጦ ተከለው። መጀመሪያ ጉንዳን መጣ፣ ቀጥሎ ሻጋታ መጣ፣ ከዚያ የጋሽ ከፈለ ዶሮ መጥታ የቀረውን ጫረችው።

«አርባ ዓመት ያረስኩ ሰው ነኝ!» አሉ ጋሽ ከፈለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አርባ ዓመት ቻዮቴ አላረሱም!» አለ ዴቪድ።

ሁለተኛውን ፍሬ ራሱ ሙሉውን፣ ምላሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ግማሹን ከአፈር በላይ ትቶ ከሽቦው ሥር ቀበረው። ዝናብ ጀመረ። ሐረጉ ሽቦውን በቀጫጭን ክሮቹ እየጨበጠ ወጣ፣ ጎን ለጎን ሄደ፣ ቅጠሉ የሰው መዳፍ አክሎ ተደራረበ። ዴቪድ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ሚስቱን ሳይሆን ሐረጉን ሰላም ይል ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ የኮአንግ ግቢ ጠፋ። ኒሙ ጠፋ። ወንበሩ ጠፋ።

በዚያ ቀን ዴቪድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንበሩን ደጅ አወጣ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ለሐረጉ ጎኑን ሰጥቶ ተቀመጠ። አንጀሊና ከበቆሎ ዱቄት በእጅ የሚንቀባለለውን ኮፕ ከአሳ ወጥ ጋር አቀረበችለት። ከወዲያ ማማ ኛፑዎት ሲያስሉ ሰማ። አላዩትም! የባሮ ነፋስ ጀርባውን ዳሰሰው። በሕይወቱ ሠርጉን ጨምሮ እንደዚያች ቀን የጣፈጠው ምግብ አልነበረም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ማታ ጎንበስ ብሎ ሲጎርስ ሐረጉ ላይ ቀዳዳ አየ። በማግሥቱ ቀዳዳው የሳህን ያህል ሆነ። ዴቪድ ወደ ጋሽ ከፈለ አጥር ሮጠ።

«ፍየልዎን ያስሩ!»

«ፍየሌ ታስራለች። ምን አደረገች?»

«አጥሬን በላች!»

ጋሽ ከፈለ መጥተው ቀዳዳውን ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። «ፍየል ነው አልክ? ይሄ በጥፍር ነው የተቀነጠሰው። ለጋ ለጋው ተመርጦ። ፍየል እንዲህ ያለ ትምህርት የላትም።»

መልሱ በዚያው ቀን በጎድጓዳ ሳህን ተከድኖ መጣ። «እናቴ ልካልህ ነው» ብላ አንጀሊና አስቀመጠችለት። በለውዝ የተሠራ ጎመን መሳይ ነገር ነው። ዴቪድ ቀመሰው፣ ዝም ብሎ ቀጠለ፣ ሳህኑን በጣቱ ጠረገው።

«ምን ቅጠል ነው? እንዲህ የሚጣፍጥ።»

«የኛው ነው።»

«የኛው የቱ?»

አንጀሊና ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ ወደ አጥሩ አመለከተች። ዴቪድ ሳህኑ ውስጥ አየ። ከለውዙ መሀል አንዲት ጥምዝምዝ ያለች ቀጭን ክር ተርፋለች፤ ትናንት ሽቦውን ጨብጣ ያያት ክር። አጥሩን በላው። አጣጥሞ፣ ጣቱን ልሶ በላው።

ምን ይበል? ኑዌር አገር የአማት ምግብ አይመለስም። አማት ቅጠል ቀጠፉ ብሎ መክሰስ ደግሞ ከመስረቅ ይከፋል፤ ስስታም የሚባል ስም ከተለጠፈ በባሮ ውኃ አይለቅም። ዴቪድ ዘዴ ዘየደ። በየቀኑ ከገበያ አንድ እቅፍ የዱባ ቅጠል እየገዛ «ለእናትሽ» እያለ መላክ ጀመረ። ማማ ኛፑዎት የዱባውን ቅጠል ሠርተው ላኩለት። የቻዮቴውንም ሠርተው ላኩለት። አሁን ሁለት ሳህን ይመጣለታል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። የሚገርመው፣ ከላይ ያ ሁሉ ለጋ ቅጠል ተንዠርግጎ እያለ የሚቀነጠሰው ዴቪድ በተቀመጠበት ከፍታ ላይ፣ በሳህኑ ትይዩ ያለው ብቻ ነው። ዴቪድ ወንበሩን ወደ ግራ ሲያዛውር ቀዳዳው በግራ ይከፈታል። እንደገና በሩን ዘግቶ በዚያ ምድጃ ቤት ውስጥ መብላት ጀመረ።

በመጨረሻ ጋሽ ከፈለን ላከ። ራሱ ለአማቱ ስለ ምግብ መናገር አይችልም፤ አንጀሊናም «እኔን አታስገባኝ» ብላለች። ዴቪድ ንግግሩን በሚገባ አስጠናቸው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ናስር ዘመዶች፣ ከዚያ ስለ አትክልት በአጠቃላይ፣ በስተመጨረሻም ሐረግ ሲያርፍ እንደሚያምርበት። ጋሽ ከፈለ ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ሄዱ፤ ወንበር ተሰጣቸው፤ ተቀመጡና በተሰባበረ ኑዌርኛቸው «ዴቪድ ቅጠሉን ይተዉልኝ ብሏል» አሉ።

«ይኸው ነው?» አለ ዴቪድ ሲመለሱ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ዝናቡስ?»

«ዝናቡንማ ያያሉ።»

ወሬው ከጋሽ ከፈለ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። አማቱን ቅጠል የከለከለ ሰው! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ ሰላምታ ነሱት። አውሮፕላን ማረፊያ የማር ጀሪካን ያስወረዳቸው ሁሉ ቂማቸውን አወራረዱ፤ አንዱ ነጋዴ ሻንጣውን ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጥ «ወንድሜ፣ ቅጠል የለበትም፤ ካላመንክ ፈትሽ» አለው። ዴቪድ ሻንጣውን ሁለት ጊዜ መዘነው፤ በሁለቱም ጊዜ ልክ ነበር። ይህ የበለጠ አናደደው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከአጥሩ ማዶ የመጣው ዝምታ ነው። ሳህን መምጣቱ ቆመ። ማማ ኛፑዎት ልብሳቸውን መቋጠር ጀመሩ፤ ኮአንግን ወደ ናስር የሚሄድ መኪና ፈልግልኝ አሉት።

አንጀሊና አልጮኸችም። ዴቪድ የፈራውም ይህንኑ ነው። «እናቴ በጥይት መሀል አልፋ ልጆቿ ጋ መጣች» አለችው። «በቅጠል ምክንያት ከሄደች፣ አንተም ከዚያ ሐረግ ጋር ትኖራለህ።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ፓል መጡ። ፓል ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲቆጣ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። አማትና አማች ፊት ለፊት አይቀመጡምና ዴቪድ ከሐረጉ ወዲህ፣ ማማ ኛፑዎት ከሐረጉ ወዲያ ተቀመጡ፤ ፓል ሐረጉ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ሁለቱንም ማየት እንዲችሉ ወንበር ተሰጣቸው። ነገሩ የተጀመረው በኑዌርኛ ነው። ጋሽ ከፈለ አልተጠሩም፤ በራሳቸው አጥር ላይ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው ግማሽ ግማሹን ያዳምጡ ነበር።

«ዴቪድ፣ ለአማትህ ቅጠል ከልክለሃል?»

«አልከለከልኩም!»

«አትጩህ።»

«አልጮህኩም!»

ፓል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ታዲያ ሐረጉን የተከልከው ለምንድነው?»

«እንድበላ!»

«ይኸው አመነ» አሉ ማማ ኛፑዎት ከወዲያ፣ ለፓል። «ለብቻው ሊበላ ነው የተከለው።»

«ሐረጉን አይደለም!» ዴቪድ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሐረጉ ላይ በቀዳዳው በኩል የማማ ኛፑዎትን ቀሚስ አይቶ በፍጥነት ተቀመጠ። «እራቴን! ደጅ ሆኜ እራቴን እንድበላ! ሳልታይ! ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው! ቤት ውስጥ በላብ አልቄ፣ ምንጣፍ ምስጥ በልቶብኝ፣ በአልጋ ልብስ ተዋርጄ፣ በስንት ዝናብ ያሳደግኩት መጋረጃ ነው! መጋረጃዬን ቀነጣጥሰው መልሰው ላኩልኝ፣ እኔም በላሁት! ስስት ነው ይሄ? ክብር ነው!»

ከዚያ ከሐረጉ ወዲያ ድምፅ መጣ። ማማ ኛፑዎት ዴቪድን ሳይሆን ፓልን ነው የሚያናግሩት፤ ግን ለማን እንደሚናገሩ ሁሉም ያውቃል።

«ንገረው፣ ፓል። መብላቱንስ እኔ በምን ልወቅ?»

«እንዴት ማማ?»

«እኔ ስመጣ ደህና ሰው ነበር። ከዚያ ቤት ገብቶ መብላት ጀመረ፤ ከሳ። ዓይኑ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ ‹አማችሽ ምነው? ልጅሽ አታበላውም እንዴ?› አሉኝ። እኔ ደግሞ ልጄን አውቃታለሁ። ናይሮቢ ነው ያደገችው፤ ኮፕ ማንቀባለል ከየት ትማራለች? ድንጋይ ታበላው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።»

«እማዬ!» አለች አንጀሊና ከበሩ ላይ።

«ዝም በይ። ከዚያ ይሄ ቅጠል በቀለና ጭራሽ ጋረደብኝ። ምን ላድርግ? ትንሽ ከፈትኩት። አፉን አላየሁም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ወደ አፉ ሲያነሣ ዓይኔን እዘጋለሁ። ሳህኑን ብቻ ነው የማየው። ሙሉ ገባ? ባዶ ወጣ? ሳህን ማየት ተከልክሏል?»

ፓል ዓይናቸውን ገለጡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። አሰቡ። «ሳህን…» አሉ። «ሳህን አፍ አይደለም።»

«ሳህኑና አፌ ዝምድና የላቸውም?» አለ ዴቪድ።

«ዝምድና አላቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ማማ፣ ቅጠሉንስ ለምን ሠሩት?»

«ለጋ ቅጠል ቀጥፌ ልጣለው? በረሀብ ጊዜ ያላለፈ ሰው ነው ቅጠል የሚጥለው። ሠርቼ ለባለቤቱ መለስኩለት። ስርቆት ነው?»

ዴቪድ አንድ ክረምት ሙሉ ከእሳቸው ሲደበቅ፣ እሳቸው በልቶ እንደሆነ ለማወቅ ቅጠል ሲቀነጥሱ ነበር። «ንገሩልኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለፓል። «አይሂዱ በሉልኝ። ከላይ፣ ከጎን፣ የፈለጉትን ይቅጠፉ። ፍሬም ሲይዝ የእሳቸው ነው። በሳህኔ ትይዩ ያለችውን ብቻ ይተዉልኝ።»

«መብላቱንስ?» አሉ ማማ ኛፑዎት። በቀላሉ የሚሸኙ ሴት አይደሉም።

ፓል ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ አዩ። «ማየት ነው የተከለከለው» አሉ በመጨረሻ። «መስማት አልተከለከለም። እሱ ደጅ ወጥቶ ይበላል። እርስዎ ወዲያ ሆነው ይሰማሉ። አንተም ዴቪድ፣ እንደ ሌባ አትብላ፤ ማንኪያህ ይሰማ።»

ጋሽ ከፈለ ከአጥራቸው ላይ «እንዲህ ነው ዳኝነት!» አሉ፤ ምን እንደተፈረደ በኋላ ነው አንጀሊናን የጠየቁት።

ማማ ኛፑዎት ቋጠሯቸውን ፈቱ። ቀዳዳው በሳምንቱ ተደፈነ። ዴቪድም ወንበሩን ደጅ አውጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ጎኑን ለሐረጉ ሰጥቶ ተቀመጠ። አንጀሊና ኮፑን በአሳ አቀረበችለት፤ ነፋሷም መጣች። ማንኪያውን ከሳህኑ ጋር እያጋጨ መብላት ጀመረ። ከወዲያ ፀጥ አለ፤ የሚያዳምጥ ሰው ፀጥታ ነው።

ግማሽ ላይ ሲደርስ አጥንት አጋጠመውና ቆመ።

«አንጀሊና!» አሉ ማማ ኛፑዎት። «ማንኪያው ቆመ። ምን ሆነ?»

«አጥንት እያወጣ ነው፣ እማዬ።»

«ቀስ ይበል በይው። ማንም አይሻማውም።»

«ቀስ በል ትላለች» አለችው አንጀሊና፣ ሳቋን በመዳፏ ይዛ።

ዴቪድ አጥንቱን አውጥቶ ቀጠለ። ጨረሰ። ማንኪያውን አስቀምጦ ሊነሣ ሲል ከወዲያ «አሁንስ? ጠገበ ወይስ አነሰው?» የሚል መጣ። ከዚያኛው አጥር ደግሞ ጋሽ ከፈለ «አነሰው! ድገሙለት!» አሉ። አንጀሊና ደገመችለት፤ በላ። ዝም ሲል ማማ ኛፑዎት ይጠይቃሉ፤ ሲጠይቁ አንጀሊና ትጨምራለች። ሦስተኛውን ሳህን ሲጨርስ ቀበቶውን ፈታ። ከእንግዲህ ፍሬ የምታህል ቦታ ሆዱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ማንኪያውን አንሥቶ፣ ወደ ሐረጉ ጠጋ ብሎ፣ የሚበላ ሰው መስሎ ባዶውን ሳህን ቀስ እያለ ያንኳኳ ጀመር።

ከቅጠሉ ወዲያ ለአፍታ ጆሮ ተሰጠ።

«አንጀሊና» አሉ ማማ ኛፑዎት፤ «ባዶ ሳህን ነው የሚመታው። ጨምሪለት።»